ኤፍ ያለበት ቡሎን

ሰውዬው ተንበርክኮ ከቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የዛገ ቡሎን ይመርጣል። ሳጥኑ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ቡሎኖቹ በውፍረትም በርዝመትም አንድ ናቸው። እሱ ግን አንዱን ያነሣል፣ ግራሶውን በአውራ ጣቱ ይጠርጋል፣ አናቱን ወደ ፀሐይ ያዞራል፣ መልሶ ይጥለዋል፤ ሌላ ያነሣል። የሚፈልገው አናቱ ላይ ኤፍ የምትባለው የላቲን ፊደል የተቀረጸችበትን ነው። ልኩ የሆነ አዲስ ቡሎን ከየትም የዕቃ መደብር በርካሽ ያገኛል፤ መኪናውንም እኩል አጥብቆ ይይዝለታል። እሱን ግን አያረካውም። መኪናው በ1943 ፎርድ የሠራው ጂፕ ነው፤ ፎርድ ደግሞ በዚያን ዘመን ጂፑ ላይ በሚያስራቸው ቡሎኖች ሳይቀር የስሙን መነሻ ፊደል ያትም ነበር። በዚህ ሰው ዓይን ኤፍ የሌለው ቡሎን በሰው አፍ ውስጥ የተተከለ የሌላ ሰው ጥርስ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በሆላንድ ወይም በአሜሪካ በየበጋው በሚቆሙ የአሮጌ ወታደራዊ ዕቃ ገበያዎች ላይ አይጠፋም። በሥራ ቀን መምህር ወይም የጥርስ ሐኪም ሊሆን ይችላል፤ ጡረተኛም ሞልቷል። ማታና ቅዳሜ ግን ከ80 ዓመት በፊት ለጦርነት የተሠራ መኪና በጋራዡ ወለል ላይ በትኖ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ እያጠበ፣ እየቀባ፣ ወደ ቦታው እየመለሰ ያመሻል። የሚከፍለው የለም፤ ከኪሱ ያወጣል እንጂ። ነገሩ የጥቂት ሰዎች እብደት እንዳይመስለን ማኅበር ከመሠረቱም ቆይተዋል፦ የእንግሊዞቹ በ1968፣ የአሜሪካኖቹ በ1976። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ታንክ የሚያድሱም፣ ባለ አሥር ጎማ የጭነት መኪና የሚያድሱም አሉ። የዚህ ዓለም መግቢያ በር ግን ጂፕ ነው። ትንሽ ነው፣ ከተራ ጋራዥ ይገባል፣ ክብደቱ አንድ ቶን ከትንሽ ነው፣ ብዛቱም የጉድ ነበር። ስሙንስ ማን ያጣዋል? በእኛ አገር በፊትም በኋላም ጎማው የሚጎትት ትንሽ መኪና ሁሉ ማንም ይሥራው ማን ጂፕ ሲባል ኖሯል።

አወላለዱ የጥድፊያ ነው። በ1940 አውሮፓ በጦርነት ስትታመስ የአሜሪካ ጦር ለ135 ፋብሪካዎች ጥሪ ላከ፦ ቀላል፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት የቅኝት መኪና ሠርታችሁ ናሙናውን በ49 ቀን አምጡ። ከምር የመለሱት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በትለር፣ ፔንሲልቬንያ የነበረው ትንሹ ባንታምና የቶሌዶ፣ ኦሃዮው ዊሊስ ኦቨርላንድ። ሁለቱም በኪሳራ አፋፍ የቆሙ ነበሩ። ባንታም የያዘው መሐንዲስ ካርል ፕሮብስት ንድፉን በጥቂት ቀናት ጨረሰ፤ ናሙናዋም ሴፕቴምበር 23 ቀን፣ የተሰጠው ሰዓት ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ሜሪላንድ ካለው የጦሩ መፈተኛ ካምፕ ሆላበርድ ደረሰች። ጦሩ ወደዳት። ወደዳትና ንድፏን ለዊሊስና ለፎርድም አሳየ፤ ትንሹ ፋብሪካ ይህን ሁሉ መኪና ብቻውን አይችለውም ብሎ። ዊሊስ በሞተሩ አሸነፈ፤ 2.2 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ 60 የፈረስ ጉልበት። ፎርድ የዊሊስን ንድፍ በፈቃድ እንዲሠራ ተደረገ። ባንታም ከሦስት ሺህ ያነሱ ጂፖች ሠርቶ ተጎታች ጋሪ ወደመሥራት ተገፋ። የመጀመሪያዋን የሠራው ቤት ከድግሱ ውጭ ቀረ።

ጦርነቱ ሲያበቃ የሁለቱ ፋብሪካዎች ጂፕ ከ600 ሺህ አልፎ ነበር። የዊሊሱ ኤምቢ፣ የፎርዱ ጂፒደብልዩ ይባላል። ጂ ለመንግሥት የተሠራ፣ ፒ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት 80 ኢንች የሆነ፣ ደብልዩ በዊሊስ ንድፍ የወጣ ማለት ነው። ጦሩ አጥብቆ ያዘዘው አንድ ነገር ነበር፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው መግባት አለበት። ገባም። ጫካ ውስጥ የቆመን ፎርድ በዊሊስ ካምቢዮ ማስነሣት ይቻል ነበር። የዛሬው አዳሽ ራስ ምታት የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ዕቃው ሁሉ ለሁለቱም ስለሚገባ፣ 80 ዓመት ሙሉ ሲቀላቀል ኖሯል። የማን ጂፕ መሆኑን ለማወቅ የሚያውቁት ሰዎች መጀመሪያ ጎንበስ ብለው ከራዲያተሩ ሥር ሻንሲውን የሚያገናኘውን የፊት አግዳሚ ያያሉ፤ ክብ ቱቦ ከሆነ ዊሊስ፣ እንደ ተደፋ ገንዳ አራት ማዕዘን ከሆነ ፎርድ። ከዚያ ወደ ቡሎኖቹ ይወርዳሉ።

ስለዚህ ሥራ መጀመሪያ ሳነብ የመጣብኝ ሳቅ ነው። የእኛ አገር መካኒክ መኪናን የሚያድነው በመለወጥ ነዋ። ኤንትሬ የምንለውን የፊያት ጭነት መኪና አስቡት። የሆነ መንገድ ላይ ካምቢዮው ተቀይሯል፣ ባሌስትራው ተጨምሮበታል፣ ካቢናው በባትላሜራ እጅ ሦስት ጊዜ ተሠርቷል፣ የጠፋው ዕቃ ቶርኖ ቤት ተቆርጦለታል። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው “ይሄ ይገባለታል?” ብሎ ይጠይቃል እንጂ “ይሄ የራሱ ነው?” ብሎ አይጠይቅም። መኪናው ዳገቱን ከወጣ ጥያቄው አበቃ። ምናለሽ ተራ ደግሞ የፈነዳ በርሜል ምድጃ ሆኖ፣ ያለቀ ጎማ ጫማ ሆኖ የሚወጣበት ሰፈር ነው። እንግዲህ እዚህ ያደገ ሰው፣ ደኅና ቡሎን እጁ ላይ እያለ ፊደል የለበትም ብሎ የሚጥለውን ሰው ሲያይ ምን ይበል?

አንድ ነገር ግን ሳቄን ገታው። ካምቢዮ አልኩ፣ ባሌስትራ አልኩ፣ ባትላሜራና ቶርኖ አልኩ። ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፤ የጋራዣችን ቋንቋ ከእናቱ ከጣሊያንኛ የወረደ ነው። የፋሺስት ጦር ከተባረረ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው፤ የወታደር መኪኖቹ ዝገው ቀልጠው ምስማርና ምጣድ ሆነዋል፤ ስማቸው ግን በየጋራዡ ሳይዝግ ቀርቷል። እኛም ያላወቅነውን ነገር በአፋችን ጠብቀን ኖረናል። ቡሎን መራጩን ሰውዬ ከዚያ ወዲህ በመጠኑ በርኅራኄ ነው የማየው።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። የሚታደስ ጂፕ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከእርሻ ቤት ጥግ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ መንግሥታት ጂፑን በጨረታ ሸጡት፤ ገበሬው ማረሻ ጎተተበት፣ በረዶ ጠረገበት፣ ሲሰለቸው ከጎተራው ኋላ ተወው። ስለዚህ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ በሦስት ዓይነት ቀለም የተለሰነ ሆኖ ይመጣል። የፊት መብራቱ የሌላ መኪና ነው፤ ወንበሩ የትራክተር ነው። ልምድ ያለው ገዢ ግን ይህ ሁሉ አያስደነግጠውም። እሱ ተንጋሎ ከሥር ይገባና ወለሉን በካቻቢቴ ይወጋል።

የጂፕ ነቀርሳ እዚያ ነው ያለው። የቦዲው ወለል እንዳይረግብ ከሥሩ በቆብ ቅርጽ የታጠፉ የቆርቆሮ ድጋፎች ተበይደውበታል፤ በድጋፎቹ ሆድ ውስጥ ደግሞ እንጨት ተወትፏል። እንጨቱ በጦርነቱ ጊዜ ብልህ ዘዴ ነበር። ውኃ ሲገባበት ግን እንደ ስፖንጅ ይዞ ያስቀራል፤ ቆርቆሮው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከላይ ያማረ ወለል ከሥር ወንፊት ሆኖ ይገኛል። ሌላው ጉድጓድ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነው። 57 ሊትር የሚይዘው የቤንዚን ማጠራቀሚያ ወለሉ ውስጥ በተሠራ ገንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሹፌሩ በቤንዚኑ ላይ ተቀምጦ ይዋጋል ማለት ነው። ገንዳው ውስጥ የገባ ዝናብ በቀላሉ አይወጣም።

ዝገት ማስለቀቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ እያንዳንዱ አዳሽ የራሱ መድኃኒት አለው። አሸዋ በአየር ግፊት መርጨት ፈጣኑ ነው፤ ለሻንሲና ለቸርኬ ፍቱን ሲሆን ስስ ቆርቆሮን ግን በሙቀቱና በግፊቱ እንደ ድንች ቅጠል ያጨማትረዋል። ትዕግሥተኞቹ ሞላሰስ ይጠቀማሉ፤ እኛ ወንጂና መተሐራ የምናውቀውን፣ ከስኳር የሚተርፈውን ጥቁር ሽሮፕ። አንድ እጅ ሞላሰስ፣ ዘጠኝ እጅ ውኃ፤ ዕቃውን ዘፍዝፎ ለሳምንታት መተው ነው። ይሸታል፣ ይፈላል፣ ጎረቤት ያማርራል፤ ዝገቱን ግን ደኅናውን ብረት ሳይነካ ይበላዋል። ሦስተኛው መንገድ ኤሌክትሪክ ነው። የልብስ ሶዳ የተበጠበጠበት ውኃ በፕላስቲክ በርሜል ይሞላል፤ የባትሪ ቻርጀሩ ነጌቲቭ ሽቦ ከዛገው ዕቃ፣ ፖዘቲቩ ከተራ ብረት ቁራጭ ይታሰራል። ዝገቱ እየላላ ይለቃል። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ማንኪያ አምጥቶ በፖዘቲቩ በኩል የሚያስር ሰው ካለ ግን እጁን መያዝ ነው፤ ከውስጡ የሚወጣው የክሮም ውሁድ መርዝ ነው። በርሜሉም ከቤት ውጭ መሆን አለበት፤ የሚፈላው ሃይድሮጂን ነው፣ ብልጭታ አይወድም።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስቀናው ግን የኮፈኑ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ጂፕ በኮፈኑ ግራና ቀኝ በ20 የሚጀምር የጦር ሠራዊት መለያ ቁጥር ነበረው። ገበሬው በቀለም ሸፈነው፤ ከእሱ በፊትም ወታደሩ ራሱ ደጋግሞ ቀብቶታል። አዳሹ በውኃ የራሰ ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ቀለሙን ድርብ በድርብ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ፣ ይፍቃል። ቀዩ ይሄዳል፣ ከሥሩ ግራጫ ይመጣል፣ ከዚያ አረንጓዴ። ከአረንጓዴው ሥር የቁጥር ጥላ ብቅ ሲል ሥራው ይቆማል፤ ፎቶ ይነሣል። በመጀመሪያዎቹ ጂፖች ላይ ቁጥሩ ከርቀት እንዳይታይ በደብዛዛ ሰማያዊ ነበር የሚጻፈው፤ ነጩ ኋላ መጣ። አንድ ቀን ሙሉ ተፍቆ አራት አኃዝ ብቻ ቢገኝ እንኳ ለሰውዬው ሠርግና ምላሹ ነው። የመኪናው ስም ተገኘ ማለት ነው።

ሞተሩ ከቦዲው ይልቅ ቸር ነው። ቫልቮቹ ከፒስቶኖቹ ጎን፣ በብሎኩ ውስጥ ነው ያሉት፤ ቴስታታው የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለበት ተራ ክዳን ነው ማለት ይቻላል። ጓርኒሲዮን መቀየር፣ ቫልቭ መሞረድ፣ ፋሻ ማስገባት በአንድ መካከለኛ ጋራዥ የሚሠራ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር እንኳ በዘይት ገንዳ ላይ አልፎ አቧራውን ጥሎ ነው የሚገባው፤ ማጣሪያው አይጣልም፣ ታጥቦ ዘይቱ ይቀየራል።

ጀማሪን የሚያስለቅሰው ኤሌክትሪኩ ነው። ጂፑ የሚሠራው በ6 ቮልት ነው። ለተመሳሳይ ኃይል ቮልቱ በግማሽ ሲያንስ የሚፈሰው ከረንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የዛሬ መኪና ቀጭን የባትሪ ገመድ የገጠመበት ሰው ሞተሪኖው እንደ ሰካራም ሲንፏቀቅ ያያል፤ “ባትሪው ሞቷል” ብሎ ባትሪ ይገዛል፣ ቀጥሎ ሞተሪኖ ይገዛል። ጥፋቱ የገመዱ ውፍረትና ቀለም የተቀባበት የመሬት መያዣው ነው። ብረት በብረት ይንካ ተብሎ ያ ቦታ እስኪያበራ መፈቅፈቅ አለበት። ቀለም አሳምሮ የቀባ ሰው በገዛ ቀለሙ የሚቀጣበት ቦታ ይኸው ነው። ሲመራቸው ወደ 12 ቮልት የሚቀይሩ አሉ፤ ጥብቆቹ አዳሾች ከእነሱ ጋር አብረው ቡና አይጠጡም።

ፍሬኑ ደግሞ የሚያስቀው ክፍል አይደለም። የዘይቱ መስመር አንድ ነው። ዛሬ በየመኪናው እንደተለመደው ለፊትና ለኋላ አልተከፈለም፤ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ስለዚህ ቱቦው ሁሉ አዲስ መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ “የራሱ ነው” ብሎ የ1943 ጎማ ቱቦ የሚያስቀር ሰው አዳሽ ሳይሆን ሞኝ ነው። ፍጥነቱም እንዲሁ። በዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ በሰዓት እስከ 65 ማይል ይፈቅዳል፤ የሚያውቁት ባለቤቶች ከ70 ኪሎ ሜትር አያስበልጡትም። አጭር መኪና ነው፣ መሪው ወላዋይ ነው፣ በር የለውም።

ለማደስ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ዕቃ ፍለጋውም ከሥራው ግማሹ ነው። ከሁሉ የሚመኙት በጦርነቱ ጊዜ ተሠርቶ ሳይነካ የቀረውን ነው። ካርቡራተሩ በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ዝገት በሚከላከል ወፍራም ቡናማ ቅባት ተነክሮ፣ ቁጥር በታተመበት ካርቶን ተቀምጧል። ቅባቱን በኬሮሲን ማጠብ ሰዓታት ይፈጃል፤ ከሥሩ የሚወጣው ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በመጽሔቶች የኋላ ገጽ ላይ “ጂፕ በ50 ዶላር” የሚል ማስታወቂያ ይወጣ ነበር። በሳጥን የታሸገ፣ ያልተገጣጠመ ጂፕ በርካሽ እንደሚሸጥ ያመነ ሕፃን አዋቂ ሳይለይ ገንዘቡን ላከ። በፖስታ የደረሰው መንግሥት ትርፍ ንብረቱን እንዴት እንደሚሸጥ የምትገልጽ ቀጭን መጽሐፍ ነበረች። ሳጥኑን ያየ ሰው የለም፤ ያየ ሰው የሚያውቅ ሰው ግን ዛሬም በየገበያው ይገኛል።

አዲስ የሚሠራም ዕቃ አለ፤ የት እንደሚሠራ ስሰማ ነገሩ ገጠመልኝ። አሜሪካኖቹ ፊሊፒንስ ጥለዋቸው የሄዱትን ጂፖች የማኒላ ሰዎች አራዝመው፣ ጣሪያ ሠርተው፣ በቀለምና በመስታወት አሸብርቀው የሕዝብ ማመላለሻ አደረጓቸው፤ ጂፕኒ የተባለው ያ ነው። ልክ እንደኛ ምናለሽ ተራ። ከዚያው ከፊሊፒንስ ዛሬ፣ ወለሉ በዝገት ተበልቶ ሊያድነው ላልቻለ አዳሽ፣ እስከ ቆብ ቅርጽ ድጋፉ ድረስ የ1943ቱን የሚመስል ሙሉ ቦዲ ተመርቶ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይላካል። መቀየር የቻለ እጅ መመለስንም ያውቅበታል። ሌላው ምንጭ ፈረንሳይ ነች። ሆችኪስ የተባለው ኩባንያ ጂፑን በፈቃድ እስከ 1966 ሠርቷል፤ ከ27 ሺህ በላይ። የፈረንሳይ ጦር እነዚያን ሲሸጥ መጋዘን ሙሉ መለዋወጫ አብሮ ወጣ። አብዛኛው ዕቃ ለአሜሪካኑ ይገባል፤ ዓይን ያለው ግን ይለየዋል።

አሁን ጥብቆቹን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። አንድን ጂፕ መመለስ ሲባል ወደ የትኛው ቀን ነው? የመጀመሪያዎቹ ዊሊሶች የራዲያተር መከላከያቸው ከብረት ዘንጎች የተበየደ ነበር፤ የጓንት ሳጥን አልነበራቸውም፤ ከኋላ የጀሪካን መስቀያም አልነበራቸውም። በኋላ ቆርቆሮ ዘጠኝ ቦታ ተበስቶ የሚሠራው የፎርድ መከላከያ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ስለተገኘ ሁለቱም ያዙት። በግራ በኩል ከኋላ ታትሞ የነበረውን የፋብሪካ ስም ጦሩ በ1942 አስጠፋው፤ ለጦርነት እንጂ ለማስታወቂያ አልገዛሁም ብሎ። ስለዚህ አዳሹ ወር መምረጥ አለበት። ማርች ያለ ሰው የጁንን ወንበር ሊያስገባ አይችልም። በየውድድሩ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው እየዞሩ ነጥብ የሚቀንሱ ዳኞች አሉ።

ነገር ግን እውነተኛው ጂፕ በእውነተኛው ጦርነት ውስጥ እንዲህ ንጹሕ ነበር? የጦር ሜዳ ጋራዦች እኮ ሶማሌ ተራ ነበሩ። በፈንጂ የተመታውን ፎርድ ፈትተው የተገለበጠውን ዊሊስ ያቆሙበት ነበር፤ ከሦስት ሙት ሁለት ነፍስ ያወጡ ነበር። ጦሩ ዕቃው ለሁለቱም ይግባ ብሎ ያዘዘው ለዚሁ ነው። ኖርማንዲ ወርዶ ጀርመን የደረሰ ጂፕ ቡሎኖቹ የተደባለቁ፣ ቀለሙ በመጥረጊያ የተለቀለቀ፣ ራዲያተሩ የሌላ ነበር። ኤፍ ያለበት ቡሎን ብቻ ያለው ጂፕ ከፋብሪካው በር የወጣው ጂፕ ነው፤ አንድም ጥይት ያልሰማው። እኔ ብመርጥ የተደባለቀውን እመርጣለሁ። ከሚያድሱት ሰዎች መካከልም የእኔ ዓይነቶቹ እየበዙ ነው፤ ሞተሩንና ፍሬኑን አስተማማኝ አድርገው የተላጠ ቀለሙን፣ የተጎዳ ፓራፋንጎውን እንዳለ የሚተዉ።

መታደሱ ካለቀ በኋላ የሚቀጥለው ጥገና ነው፤ ይህኛው አያልቅም። የሚገርመው መመሪያው ያው የወታደሩ መመሪያ መሆኑ ነው። በፌብሩዋሪ 1944 የታተመው ቲኤም 9-803 የተባለው መጽሐፍ ተባዝቶ ዛሬም በግራሶ በተጨማለቁ ገጾች በየጋራዡ ተገልጦ ይገኛል። የተጻፈው ለመሐንዲስ አይደለም፤ ከእርሻ ለመጣ የ19 ዓመት ልጅ ነው። ሥራውን በጊዜ ከፋፍሎ ይሰጠዋል፤ ከመነሣትህ በፊት፣ እየነዳህ፣ ስትቆም፣ ከገባህ በኋላ፣ በየሳምንቱ። ከዚህ ውስጥ የወደድኩት ስትቆም የሚለው ነው። ለዕረፍት ሲቆም ሹፌሩ ወርዶ የፍሬን ከበሮውንና የጎማውን እምብርት በመዳፉ ይነካል። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ ከፋጀ፣ ወይ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ወይ ኩሽኔታው ግሪስ ጠምቶታል። መሣሪያ አያስፈልግም። ሐኪም የሕፃን ግንባር እንደሚዳስስ ነው።

መኪናውን የሚገድለው ግን መንዳት አይደለም፤ ማቆም ነው። የቆመ ጂፕ የካርቡራተሩ ቤንዚን ተንኖ ሙጫ ይሆናል፤ የፍሬኑ ዘይት እርጥበት እየጠጣ ቧንቧውን ከውስጥ ያዝጋል፤ ፍሪሲዮኑ ይጣበቃል። የዘመኑ ቤንዚን ሌላ ጣጣ አመጣ። አልኮል ይደባለቅበታል፤ አልኮሉ ደግሞ የድሮውን የቤንዚን ፓምፕ ጎማ ያበላሻል። በዚህ ምክንያት ባለቤቶቹ ሰበብ እየፈለጉ ይነዱታል። በየዓመቱ በጁን ወር በኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ መንደሮች፣ አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ የወረዱበትን ቀን ለማሰብ፣ ጂፖች በመንገዱ ይሰለፋሉ። በ2009 ደግሞ የአሜሪካ አዳሾች ከዋሽንግተን እስከ ሳን ፍራንሲስኮ አገር አቋርጠው ነዱ። የተከተሉት በ1919 የአሜሪካ ጦር ለሙከራ የላከውን የመኪና ጉዞ መንገድ ነው፤ ያኔ 62 ቀን ፈጅቶ ነበር፣ ከመኮንኖቹም አንዱ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ ያኔ ገና ማንም የማያውቀው አይዘንሃወር ነበር።

ስለ ትልልቆቹ በአጭሩ ልለፍ፤ ምክንያቱም ያ የግለሰብ ሳይሆን የሙዚየም ሥራ ነው። በእንግሊዝ ደቡብ ቦቪንግተን ያለው የታንክ ሙዚየም በ1943 ቱኒዚያ ውስጥ የተማረከውን የጀርመን ታይገር ታንክ አድሶ በራሱ ኃይል ያስኬደዋል፤ ሕዝብም ያን ለማየት ይጎርፋል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ኤም 151 የተባለው የጂፑ ተተኪ አለ። መታጠፊያ ላይ መገልበጥ ስለሚወድ የአሜሪካ መንግሥት ሲያስወግደው ሰው እንዳይነዳው ለሁለት ቆርጦ መሸጥ ጀመረ። አዳሾቹ ሁለቱን ግማሽ ገዝተው በየዱት።

የማይመቸኝንም ልናገር። ለእኛ የጦር መኪና የትርፍ ጊዜ ደስታ ሆኖ አያውቅም። ከ1953ቱ የወታደራዊ ትብብር ስምምነት በኋላ ሠራዊታችን በአሜሪካ ጂፕ ተጓዘ፤ ከ1977 በኋላ ዋዝና ኡራል መጡ፤ ሁለቱም የት እንደሄዱ፣ ማንን ይዘው እንደሄዱ የሚያስታውስ ቤተሰብ በየሰፈሩ አለ። በሰሜን መንገዶች ዳር የተቃጠለ ታንክ ላይ ፍየል ጠባቂ ልጆች ሲወጡና ሲወርዱ ያየ ሰው፣ ያንን ታንክ ጠርጎ ቀብቶ እሑድ እሑድ የሚያንቀሳቅሰው ሰው አለ ቢሉት ጤንነቱን ይጠይቃል። በዚያ በፈረንጆቹ መካከልም ክርክሩ አለ፤ የናዚ የደንብ ልብስ ለብሶ ከመኪናው ጎን የሚቆመውን ሰው ብዙ አዘጋጆች ከበራቸው ይመልሱታል። እኔ መስመሩን የማሰምረው እዚያው አካባቢ ነው። መኪናውን መጠገን አንድ ነገር ነው፣ ጦርነቱን መጫወት ሌላ። ግን ደግሞ ጂፑን የሚያድሱት አብዛኞቹ ስለ ተኩስ ሲያወሩ አልሰማም፤ ስለ ኩሽኔታ ነው የሚያወሩት።

ከጂፑ ዕቃዎች ሁሉ አንዷን አሳይቼ ላቁም። የኋላ መብራቱን። በጦር ግንባር ሌሊት መብራት ማብራት ራስን ማስመታት ነበር፤ ሳያበሩ ተከታትሎ መንዳት ደግሞ ከፊት ያለው ጀርባ ውስጥ መግባት ነው። ስለዚህ የድመት ዓይን የመሰሉ፣ ሁለት ጥንድ ቀዳዳ ያላቸው ደብዛዛ ቀይ መብራቶች ተሠሩለት። ከኋላ ያለው ሹፌር ከ18 ሜትር ገደማ በታች ከቀረበ አራት ነጥብ ያያል፤ በጣም ቀርበሃል ማለት ነው። ራቅ ሲል እያንዳንዱ ጥንድ ተዋሕዶ ሁለት ይሆናል፤ ርቀቱ ልክ ነው። ከ55 ሜትር ገደማ ሲያልፍ ሁለቱም ተዋሕደው አንድ ነጥብ ይቀራል፤ ዘግይተሃል፣ ድረስ። ሜትር የለው፣ ራዳር የለው፤ የሰው ዓይን ደካማነት ተሰልቶ መለኪያ ሆነ። ያደሱ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ በመሸ በገጠር መንገድ ሌላ መብራት ሁሉ አጥፍተው ይሞክሩታል። ፊት ያለው ጂፕ አይታይም፤ ሞተሩ ብቻ ይሰማል። ቀዩ ነጥብ አንድ ይሆናል። ነዳጅ ሲረገጥ ይከፈልና ሁለት ይሆናል።